በቁርጥማት የሚታመሙ ልጆች አከርካሪ እንዴት እንደሚጠበቅ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተሰናዳ ትምህርት

1ኛ፤ መቅድም

የቤት ምሰሶ ሲያዘነብል ጣራው ብቻውን ቀጥ ብሎ አይቆምም። የሰው አካልም እንደዚሁ ነው፤ በአከርካሪ ላይ የደረሰ ጉዳት ወደ እጅና ወደ እግር፥ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሳንባ ይደርሳል። የሕፃን አከርካሪ ደግሞ ገና በማደግ ላይ ያለ ስለ ሆነ እንደ ለጋ ችግኝ ነው፤ በአንድ ወገን የተጫኑት እንደ ሆነ ጐብጦ ይቀራል፤ በጊዜው ደግፈው ያቃኑት እንደ ሆነ ግን ቀጥ ብሎ ያድጋል።

ቁርጥማት የሽማግሌ ሕመም ነው የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ የጸና ነው። ስለዚህም አንድ የ8 ዓመት ልጅ፥ «ጧት ስነሣ ጕልበቴ ይተሳሰራል፤ አንገቴም አልዞር ይለኛል» ብሎ ሲናገር፥ አንዱ ሰው ስንፍና ነው ይለዋል፤ ሌላውም ከትምህርት ለመቅረት የፈጠረው ምክንያት ነው ብሎ ይገሥጸዋል፤ ሦስተኛውም ብርድ ነው፥ ያልፋል ብሎ ይተወዋል። በዚህ ሁኔታ ወራትና ዓመታት ካለፉ በኋላ ልጁ ወደ ሐኪም ሲደርስ፥ አንገቱ ደርቆ ወይም ወገቡ ተሳስሮ ይገኛል።

አንድ ምሳሌ ይታሰብ። ጧት ተማሪዎች ተሰልፈው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፥ ሁሉም ቀና ብለው ሲያዩ አንድ ልጅ ብቻ ፊት ለፊቱን ይመለከታል። በክፍልም ውስጥ መምህሩ በስተ ግራ በኩል ሆኖ ስሙን ሲጠራው፥ ራሱን በማዞር ፈንታ ትከሻውንና ደረቱን አብሮ ያዞራል። ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ መምህሩም ንቀት ይመስለዋል። የልጁ ነገር ግን ንቀት አይደለም፤ አንገቱ ወደ ላይና ወደ ጐን አልታዘዘውም። ይህን ልጅ መቅጣት የታሰረን ሰው ስለምን አትሮጥም ብሎ እንደ መቅጣት ነው።

ይህ ትምህርት የተሰናዳው መምህር ሐኪም ይሁን ለማለት አይደለም። ነገር ግን ልጁን በየማለዳው ሲቀመጥና ሲነሣ፥ ሲጽፍና ሲጫወት የሚያየው መምህሩ ነው። ወላጆችም ምክር የሚጠይቁት የአገር ሽማግሌዎችን ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ ምልክቱን ያወቁ እንደ ሆነ ልጁ በጊዜው ወደ ሕክምና ይደርሳል።

2ኛ፤ ስለ አከርካሪ አሠራር

አከርካሪ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም፤ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ የአንጓዎች ሰንሰለት ነው። በአንገት 7፥ በደረት ጀርባ 12፥ በወገብ 5 አንጓዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ በታች ያሉት 5 አንጓዎች ልጁ ሲያድግ ተጋጥመው አንድ ሰፊ አጥንት ይሆናሉ፤ ይህም አጥንት በግራና በቀኝ ከዳሌ አጥንት ጋር ይጋጠማል። ከሁሉ በታች የጭራ አጥንት የምትባለው ትንሽ አጥንት አለች።

በአንጓና በአንጓ መካከል ክብደትን የሚሸከም፥ እንደ ትራስ ያለ ልም አጥንት አለ። ከበስተ ኋላ ደግሞ በየአንጓው ግራና ቀኝ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ፤ ሰው ጐንበስና ቀና ለማለት፥ ለመዞርም የሚችለው በእነዚህ ነው። በአንጓዎቹ ውስጥ ባለው ቦይ ኅብለ ሰረሰር ከአንጐል ወደ ታች ይወርዳል፤ እጅና እግርን የሚያዝዙት ነርቮች የሚወጡት ከዚህ ነው።

ከአንገት አንጓዎች የመጀመሪያው እንደ ቀለበት ነው፤ ሁለተኛው ግን እንደ ጥርስ ወደ ላይ የቆመ አጥንት አለው። ቀለበቱ በዚህ ጥርስ ዙሪያ ይዞራል፤ ጥርሱንም ከቀለበቱ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ጽኑ ጅማት አለ። ይህ ጅማት የላላ እንደ ሆነ ጥርሱ ወደ ኅብለ ሰረሰር ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የአንገት ነገር ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል።

3ኛ፤ ሕመሙ ምንድር ነው?

በሰው መገጣጠሚያ ውስጥ ስስ ሽፋን አለ፤ እርሱም አጥንትና አጥንት እንዳይፋተጉ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ያመነጫል። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ በገዛ አካሉ ላይ የተነሣ እንደ ሆነ፥ ይህ ሽፋን ይቈጣል፥ ያብጣል፥ ይሞቃል፤ ፈሳሹም ከመጠን በላይ ይበዛል። ብግነቱ ሳይታከም የቈየ እንደ ሆነ ልም አጥንቱን፥ ከዚያም አጥንቱን እየበላ ይሄዳል።

ሐኪሞች ዛሬ የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት የሚሉት፥ 16 ዓመት ሳይሞላ የጀመረውን፥ ቢያንስ 6 ሳምንት የቈየውንና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለትን ነው። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረገ ጥናት ከ1,000 ልጆች አንዱን ያህል እንደሚያገኝ ይገመታል። አንዱ ዓይነት ጥቂት መገጣጠሚያዎችን ብቻ፥ በተለይም ጕልበትን ይይዛል፤ አንዱም ብዙ መገጣጠሚያዎችን ይይዛል፤ አንዱ ደግሞ ከትኵሳትና ከሽፍታ ጋር መላ ሰውነትን ያውካል፤ ሌላውም ጅማት ከአጥንት ጋር የሚጣበቅበትን ቦታና የዳሌን መገጣጠሚያ ይይዛል።

ይህን ሕመም በልጆች ላይ አጥርቶ በመጻፍ የታወቀው ጆርጅ ፍሬድሪክ ስቲል የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እርሱም በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል ሲሠራ ያያቸውን 22 ልጆች መርምሮ፥ በ1897 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽሑፉን አሳተመ። ስቲል በዚያ ጽሑፍ የልጆች ሕመም ከአዋቂዎች ቁርጥማት የሚለይበትን ሲገልጽ፥ የልጆች አንገት ብዙ ጊዜ እንደሚያዝ ጭምር አመለከተ።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመውን ልጅ ከጓደኞቹ ለይቶ ማስቀመጥ አይገባም። በእርግማን ወይም በዓይነ ጥላ የመጣ አይደለም፤ እናትም ልጇን ለብርድ በማጋለጧ ያመጣችው አይደለም። ብርድ የታመመውን መገጣጠሚያ ሊያስጨንቅ ይችላል እንጂ ሕመሙን አይፈጥርም።

4ኛ፤ ሕመሙ አንገትን ሲይዝ

ብግነቱ በአንገት አንጓዎች መካከል ባሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች የገባ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የሚጠፋው ወደ ላይ ቀና የማለት ችሎታ ነው፤ ቀጥሎም ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር ያዳግታል። አንዳንዱ ልጅ ራሱን ወደ አንድ ጐን አዘንብሎ ይይዛል።

የሚያሳዝነው ነገር፥ ይህ ሁሉ ያለ ብርቱ ሕመም ሊደርስ መቻሉ ነው። ልጁ አንገቱን ማዞር ሲያቅተው ዓይኑንና ትከሻውን ማዞር ይለምዳል፤ ሌላ አኳኋን ስለማያውቅም ለማንም አይናገርም። በመጨረሻም በተለይ 2ኛውና 3ኛው የአንገት አንጓዎች እንደ አንድ አጥንት ሆነው ሊጋጠሙ ይችላሉ። አንድ ጊዜ የተጋጠመ አጥንት ተመልሶ አይላቀቅም፤ የተጋጠሙት አንጓዎችም ትንንሽ ሆነው ስለሚቀሩ አንገቱ ያጥራል። ብዙ ጊዜ ከዚሁ ጋር የመንጋጋ መገጣጠሚያ ይታመምና አገጭ ወደ ኋላ የገባ ይሆናል፤ አፍንም በሰፊው መክፈት ያዳግታል።

ሌላው አደጋ ከላይ የተነገረው ጅማት መላላት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ቢወድቅ ወይም ሰው አንገቱን በኃይል ቢጠመዝዘው ኅብለ ሰረሰሩ ሊጐዳ ይችላል። ደግሞም ለማናቸውም ቀዶ ሕክምና በማደንዘዣ የሚተኛ በሆነ ጊዜ፥ ማደንዘዣ ሰጪው የመተንፈሻ ቧንቧ ሲያስገባ አንገቱን ወደ ኋላ ሊያዘነብለው ስለሚችል፥ ወላጆች ስለ ልጁ ሕመም አስቀድመው መናገር አለባቸው።

5ኛ፤ ሕመሙ ዳሌንና ወገብን ሲይዝ

ጅማት ከአጥንት የሚጣበቅበትን ቦታ የሚይዘው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ6 ዓመት በላይ በሆኑ ልጆች ነው፤ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ይበዛል። መጀመሪያ ተረከዝን፥ ጕልበትን ወይም የእግርን ውስጥ ያሳምማል። ከጊዜ በኋላ ሰፊው የታችኛው አከርካሪ ከዳሌ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ይገባል፤ ያን ጊዜ ልጁ መቀመጫውንና ወገቡን ያመዋል።

የዚህ ሕመም መለያ ምልክት አለው። ከሥራ ወይም ከጨዋታ ብዛት የመጣ የወገብ ሕመም ሲያርፉ ይሻላል። የብግነት ሕመም ግን በዕረፍት ይብሳል፥ በእንቅስቃሴ ይሻላል። ልጁ ጧት ሲነሣ ወገቡ ይደርቃል፤ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ከቈየ በኋላ ይላቀቃል፤ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ሲነሣም እንደገና ይተሳሰራል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ሲሮጥ የታየ ልጅ ማለዳ መራመድ አቃተኝ ቢል ውሸት አይደለም፤ የሕመሙ ጠባይ እንዲህ ነው።

ሐኪም የወገብን መታጠፍ የሚለካበት ቀላል ዘዴ አለ። ልጁ ቀጥ ብሎ ሲቆም በወገቡ ግርጌ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ 10 ሳንቲሜትር ወደ ላይ፥ 5 ሳንቲሜትር ወደ ታች ይለካል። ልጁ ጕልበቱን ሳያጥፍ ጐንበስ ሲል፥ በጤነኛ ወገብ ላይ ያ 15 ሳንቲሜትር ወደ 21 ሳንቲሜትር ያህል ይለጠጣል። ጥቂት ብቻ የጨመረ እንደ ሆነ ወገቡ እንደ ደረቀ ያስረዳል። የዳሌውን ብግነት ለማየት ግን ራጅ ብዙ ጊዜ ስለሚዘገይ፥ በሚገኝበት ስፍራ በኤም አር አይ መሣሪያ ማየት ይሻላል።

6ኛ፤ ስለ አጥንት መሳሳትና ስለ አከርካሪ መጣመም

አከርካሪ የሚጐዳው ብግነቱ በላዩ ሲያርፍ ብቻ አይደለም። ጕልበቱ ወይም እጁ ብቻ የታመመ ልጅም በሌላ መንገድ አከርካሪው ሊጐዳ ይችላል።

አንደኛው መንገድ የአጥንት መሳሳት ነው። ብግነቱ ራሱ አጥንትን ያሳሳል፤ ሕመም ፈርቶ ሳይንቀሳቀስ የሚውል ልጅም አጥንቱ ይደክማል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ሲወሰድ ይህንኑ ያብሳል። በዚህ ምክንያት የአከርካሪ አንጓ ያለ ብርቱ አደጋ፥ አንዳንድ ጊዜም ያለ ሕመም፥ እንደ ተጫነ ቅርጫት ሊሟሽሽ ይችላል። ልጁ ድንገተኛ የጀርባ ሕመም ቢይዘው፥ ወይም ቁመቱ ማደግ ትቶ ጀርባው መጕበጥ ቢጀምር ይህ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው መንገድ የእግር አለመስተካከል ነው። በአንድ ጕልበት የቈየ ብግነት ወደዚያ ብዙ ደም ስለሚስብ፥ የታመመው እግር ከጤነኛው ይልቅ ሊረዝም ይችላል። ያን ጊዜ ዳሌው ያዘነብላል፤ አከርካሪውም ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ጐን ይጣመማል። ሐኪም ይህን ከለካ በኋላ ባጠረው እግር ጫማ ውስጥ ከፍታ በማስደረግ ያስተካክለዋል።

ሦስተኛው መንገድ የጭን መጋጠሚያ መታጠፍ ነው። ጭኑ ከዳሌው ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ ታጥፎ የደረቀ ልጅ ቀጥ ብሎ ለመቆም ወገቡን ወደ ፊት ያጐብጣል፤ ሆዱም ወደ ፊት ይወጣል። ይህን የሚያይ ሰው ወገቡን ብቻ ይወቅሳል፤ ምክንያቱ ግን ከበታች ነው።

7ኛ፤ ከዚህ ሕመም ጋር ስለሚመሳሰሉ ሌሎች ሕመሞች

የአከርካሪ ነቀርሳ በአገራችን የታወቀ ሕመም ነው። ፐርሲቫል ፖት የተባለው የለንደን ቀዶ ሐኪም በ1779 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስለዚሁ ሕመም ስለ ጻፈ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የነቀርሳው ተሐዋሲ የአንጓውን አጥንት ስለሚያፈርስ፥ ጀርባ በአንድ ቦታ ሹል ሆኖ ይወጣል። የሌሊት ላብ፥ የቈየ ትኵሳትና መክሳት አብረውት ሊታዩ ይችላሉ፤ በቤቱም ሳል የያዘው ሰው ሊኖር ይችላል። ይህ ሕመም ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን ስለ ሆነ፥ ቁርጥማት ነው ብሎ መዘግየት ትልቅ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ትኵሳት ነው። ይህ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘላል፤ መገጣጠሚያውን ትቶት ሲሄድ ግን ልብን አበላሽቶ ሊሄድ ይችላል። ሌሊት ልጅን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም፥ ከደም ማነስና ከመክሳት ጋር የሆነ እንደ ሆነ፥ የደም ካንሰር ወይም ሌላ ዕጢ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው፤ የመምህርና የሽማግሌ ሥራ ግን ልጁን ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

8ኛ፤ በትምህርት ቤት ሊደረግ የሚገባው

ሀ) የልጁን ቃል ማመን። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላልና፥ ሕመሙን የሚያውቀው የታመመው ነው። ማለዳ ዘግይቶ የሚመጣ ልጅ ምክንያቱ ሳይጠየቅ መቀጣት የለበትም። ጕልበቱ የሚተሳሰረውን ልጅ ማንበርከክ ፈጽሞ አይገባም።

ለ) መቀመጫውን ማስተካከል። ልጁ ጥቍር ሰሌዳውን አንገቱን ሳያዞር ለማየት በሚችልበት በመካከለኛው ረድፍ ይቀመጥ። እግሩ መሬት ይንካ፤ ካልደረሰለት ድንጋይ ወይም ጣውላ ይደረግለት። መጽሐፉ በጠረጴዛው ላይ ጠፍጣፋ ከመተኛት ይልቅ በሌላ መጽሐፍ ወይም በጣውላ ተደግፎ ከፍ ቢል አንገቱ አይጐብጥም።

ሐ) ማስነሣት። በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ልጁ ተነሥቶ ጥቂት ይራመድ። ለብቻው እንዳያፍር ጠመኔ እንዲያመጣ ወይም ሰሌዳ እንዲያጠፋ መላክ መልካም ዘዴ ነው።

መ) ጨዋታን አለመከልከል። መራመድ፥ በልኩ መጫወትና ሰውነትን ማፍታታት አከርካሪን ይጠቅማል። ዋና ውኃው ንጹሕ በሆነበትና ጠባቂ ባለበት ስፍራ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን አንገቱ የታመመ ልጅ ሐኪም ሳይፈቅድለት በራሱ መገለባበጥ፥ ትግል መግጠም ወይም ኳስን በግንባሩ መምታት የለበትም።

ሠ) ሸክም ማቅለል። የልጅ የመጽሐፍ ቦርሳ ከክብደቱ ከ10 እጅ አንዱን ባያልፍ መልካም ነው፤ ይህም 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 2 ኪሎ ተኩል ነው። ቦርሳውም በአንድ ትከሻ ሳይሆን በሁለቱም ይያዝ። የሚቻል እንደ ሆነ አንዱ መጽሐፍ በትምህርት ቤት፥ አንዱ በቤት ይቀመጥለት።

9ኛ፤ በቤት ሊደረግ የሚገባው

በገጠር ልጆች ውኃ ይቀዳሉ፥ እንጨትም ይሸከማሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ውኃ ይይዛል፤ ይህ ከብዙ ልጆች ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው። በቁርጥማት ለሚታመም ልጅ፥ ይልቁንም አጥንቱ ለሳሳ ወይም አንገቱ ለደረቀ፥ ይህን በጀርባ ወይም በራስ ማሸከም አደገኛ ነው። ልጁን ከሥራ ሁሉ ማግለልም ግን አይጠቅምም፤ ትንሽ ዕቃ በማምጣት፥ ጥጃ በመጠበቅ፥ ቤት በመጥረግ ድርሻውን ይሥራ።

ስለ መኝታ። ልጁ ቀጥ ባለ፥ በማይሰምጥ መደብ ወይም አልጋ ላይ ይተኛ፤ ትራሱም ስስ ይሁን፤ ከፍ ያለ ትራስ አንገትን ወደ ፊት አጕብጦ ያደርቃልና። ጭኑ መታጠፍ የጀመረ ልጅ በቀን 20 ደቂቃ ያህል በሆዱ ቢተኛ ይጠቅመዋል። ጧት ሞቅ ባለ ውኃ መታጠብ የተሳሰረውን ያላቅቃል።

ስለ ምግብ። አጥንት አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚያከማቸው እስከ 20 ዓመት ገደማ ነው። ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1,300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል። ወተት፥ እርጎ፥ አይብ፥ ጎመን፥ ሰሊጥና ጤፍ በዚህ ረገድ ይጠቅማሉ። በጾም ወራት ለታመመ ልጅ ምን እንደሚገባ ወላጆች ከሐኪምና ከንስሓ አባታቸው ጋር ይመካከሩ። ፀሐይ መሞቅም አጥንትን የሚያጸናውን ቪታሚን ዲ ስለሚሰጥ፥ የታመመን ልጅ በጨለማ ቤት ማስተኛት ይጐዳዋል።

ስለ ወጌሻ። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ባለሙያ ነው። ነገር ግን በብግነት የታመመ አንገት ወይም ወገብ ውልቃት አይደለምና የሚመለስ ነገር የለውም። መጠምዘዝ፥ መሳብና በኃይል ማሸት የላላውን ጅማት ያላቅቃል፥ የሳሳውን አጥንት ይሰብራል፤ ልጁንም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ለወላጆችም ለወጌሻውም በትሕትና ማስረዳት ከአገር ሽማግሌዎች የሚጠበቅ ታላቅ ሥራ ነው።

10ኛ፤ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት

በቀድሞ ዘመን ለዚህ ሕመም ከዕረፍትና ከአስፕሪን በቀር ብዙ የሚደረግለት አልነበረም። በ1948 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአሜሪካ ኮርቲሶን የተባለው መድኃኒት ለቁርጥማት ሕመምተኛ ተሰጥቶ ብዙ ለውጥ ታየ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሲወሰድ አጥንትን እንደሚያሳሳና የልጅን ዕድገት እንደሚያዘገይ ኋላ ታወቀ። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ለልጆች እንደሚረዳ በ1992 ዓመት በታተመ ጥናት ተረጋገጠ፤ በ2000 ዓመት ደግሞ ኤታነርሴፕት የተባለው በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት እንዲሁ። ይህ የኋለኛው ዓይነት የዳሌና የወገብ ብግነት ሲሆን ከሜቶትሬክሴት ይልቅ ይረዳል፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ በየስፍራውም አይገኝም። ከመጀመሩም በፊት ልጁ ነቀርሳ የሌለበት መሆኑ መመርመር አለበት።

ወላጆች ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ። ሜቶትሬክሴት ለዚህ ሕመም በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳል፤ በየቀኑ ቢወሰድ መርዝ ይሆናል። ፕሬድኒሶሎን ብዙ ቀን ከተወሰደ በኋላ በድንገት አይቋረጥም፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሰዋል እንጂ። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ክትባት ሲሰጥ ደግሞ ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ለክትባት ሰጪው አስቀድሞ ይነገር፤ አንዳንዱ ክትባት ለጊዜው ሊከለከል ይችላልና።

ዓይንም ሊዘነጋ አይገባም። በአንዳንድ ልጆች ይኸው ሕመም ያለ መቅላትና ያለ ሕመም የዓይንን ውስጥ ያቈስላል፤ ሳይታወቅም ሊያሳውር ይችላል። ስለዚህ ልጁ ደኅና የሚያይ ቢመስልም እንኳ፥ ሐኪም በወሰነለት ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜም በየ3 ወሩ፥ ዓይኑ በመሣሪያ ይታይ።

11ኛ፤ አንድ ቀን እንኳ የማያሳድሩ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ የታየ እንደ ሆነ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤

የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ ወይም መድከም፤ የሚራመድ ልጅ በድንገት መንገዳገድ ወይም መውደቅ፤ ሽንትን ወይም ዐይነ ምድርን መቈጣጠር አለመቻል፤ ከመውደቅ በኋላ የመጣ የአንገት ሕመም፤ ድንገተኛና ብርቱ የጀርባ ሕመም፤ ከፍ ካለ ትኵሳት ጋር አንድ መገጣጠሚያ አብጦ መንካት አለመቻል።

አንገቱ የተጐዳ ልጅ ሲወሰድ በጀርባው በጣውላ ወይም በቃሬዛ ላይ ተጋድሞ፥ በራሱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ልብስ ተደርጎለት እንዳይነቃነቅ ሆኖ ይሂድ። ተቀምጦ በበቅሎ ወይም በሰው ጀርባ መሄድ የለበትም።

12ኛ፤ ማጠቃለያ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሕፃን ግን በሽታውን የሚሸሽገው ወዶ አይደለም፤ የሚያምነው ሰው ሲያጣ ነው። በመጀመሪያ የተነገረው ልጅ፥ መምህሩ በገሠጸው ፈንታ ለብቻው ጠርቶ፥ «አንገትህን ወደ ላይ ቀና ልታደርግ ትችላለህን? ጧት ስትነሣ ምን ይሰማሃል?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ ነገሩ በሁለት ቃል ይገለጥ ነበር። መምህሩ ለወላጆች፥ ወላጆችም ለጤና ጣቢያ ቢነግሩ አንገቱ ገና ሳይጋጠም መድኃኒት ይደርስለት ነበር። የተጋጠመ አጥንት አይላቀቅም፤ ያልተጋጠመው ግን ይጠበቃል። የዚህ ትምህርት ፍሬም ይኸው ነው።

ለመምህራን መለማመጃ ጥያቄዎች

1. የአንገት፥ የደረት ጀርባና የወገብ አንጓዎች ስንት ስንት ናቸው?
2. ከሥራ ብዛት የመጣ የወገብ ሕመም ከብግነት ሕመም በምን ይለያል?
3. ጕልበቱ ብቻ የታመመ ልጅ አከርካሪው እንዴት ሊጣመም ይችላል?
4. ከአከርካሪ ነቀርሳ ምልክቶች ሦስቱን ተናገር።
5. የታመመ አንገት መጠምዘዝ ስለምን አይገባም?
6. በክፍልህ ካሉት ልጆች ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቀና ብሎ የማያይ፥ ወይም ሲጠሩት ትከሻውን አብሮ የሚያዞር አለን? ካለ ነገ ሳይሆን ዛሬ ወላጆቹን አነጋግር።